ሊኑክስን ከምን እናስነሳ? ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ የድሮ ዶንግል ወይስ ከላፕቶፕ የወጣ ሃርድ ዲስክ

ባለፈው ሰኔ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕዋን አቅፋ መጣች። ዊንዶውሱ አርማውን ያሳይና ይጠፋል። ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ አላደረገችውም።

ሊኑክስን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ከውጭ ዕቃ ላይ አስነስቶ ፋይሉን መገልበጥ ይበቃ ነበር። ፍላሼን ግን ለሰው አውሼዋለሁ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ከምሳ በኋላ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ እስከ አስር ሰዓት ግድም መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ልጅቷ እንኳን ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ደቂቃ የምትጠብቅ አልመሰለችኝም። መሳቢያዬን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። 16 ጊጋ ማይክሮ ሜሞሪ ካርድ፣ ቤት ዋይፋይ ሳይገባ የምጠቀምበት የኢንተርኔት ዶንግል፣ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ከተሰበረ ላፕቶፕ ያወጣሁት ሃርድ ዲስክ፣ ጥቂት ባዶ ዲቪዲ።

ሥራውን የሠራልን ዶንግሉ ነው። እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የቀሩትንም አንድ በአንድ ሞክሬያለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካበቃ በኋላ አሮጌ ላፕቶፑን ወደ ሊኑክስ ማዞር የሚፈልግ ሰው በዝቷል፤ «በምን ላስነሳው?» የሚለኝም እንዲሁ። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ ይፈጥናል?» ብሎ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ ነው። *ባዮሱ ያየዋል ወይ?* ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስም ሊኑክስም ገና የለም። ያለችው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችው፣ ባዮስ የምንላት ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ናት። እሷ የምታውቀው ጥቂት ነገር ነው፦ የውስጥ ዲስክ፣ ሲዲ፣ ዩኤስቢ ላይ ራሱን እንደ ተራ ዲስክ የሚያቀርብ ዕቃ። ዊንዶውስ ውስጥ ስትሰኩት የሚታይ ነገር ሁሉ እሷ ጋ አይታይም። ዕቃው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ባዮሱ ካላየው አይጠቅማችሁም።

ሁለተኛው *መጠኑ እውነት ነው ወይ?* የሚለው ነው። ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። አንድ ሱቅ «512 ጊጋ» የተጻፈበት ፍላሽ በጥሩ ዋጋ ገዛሁ። ሻጩ «አቦ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። ሊኑክሱ ያለችግር ተነሳ። ከዚያ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች ከሚሞት ሃርድ ዲስክ ላይ አውጥቼ እዚያው ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ስማቸው ይታያል፣ ቁጥራቸው ልክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ በስተቀር ግን አንዱም አይከፈትም። ስፈትሸው እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ እንኳ አይሞላም ነበር። እንዲህ ያለ ፍላሽ ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲሞላ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ያጠፋል።

ሦስተኛው አጠቃቀማችሁ ነው። ሊኑክስን አስነስቶ ፋይል ለማውጣት የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው። ሊኑክሱን እዚያው ላይ ጭኖ በየቀኑ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሲስተሙ በየሰከንዱ ጥቃቅን ነገር ይጽፋል። ርካሽ ፍላሽ ትልቅ ፊልም መገልበጥ ይችል ይሆናል፤ በጥቃቅን ጽሑፍ ግን ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ያልቃል።

የቀሩት ሁለቱ የኤሌክትሪክ አቅምና ሙቀት ናቸው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 0.5 አምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 አምፔር ነው። ፍላሽ ይህ አይከብደውም፤ ሃርድ ዲስክን ግን ይመለከተዋል። ሙቀቱን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዋጋን በመመዘኛ ውስጥ ያላስገባሁት ከሚነጻጸሩት ዕቃዎች ግማሹ እቤታችሁ ስላለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ፈትሹ።

ተራ ፍላሽ

ባዮስ ያየዋል፣ ኃይል አይፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። 8 ጊጋ ለአብዛኛው ሊኑክስ ይበቃል። ከሊኑክስ ዓይነቶች የሚንት 22 ፋይል 3 ጊጋ አይሞላም፤ ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ፍላሽ ካላችሁና እውነተኛ መሆኑን ከፈተሻችሁ ለማዳንና ለመሞከር ሌላ አትፈልጉ።

ሜሞሪ ካርድ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላፕቶፑ ጎን ላይ የካርድ ቀዳዳ አለ፤ ካርዱን ይሰኩታል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከምን ልነሳ ብሎ በሚያሳየው የቡት ዝርዝር ላይ ግን የለም። «ካርዱ ተበላሽቷል» ይላሉ። ካርዱ ደህና ነው። የአንዳንድ ላፕቶፕ ቀዳዳ በውስጥ በኩል ከዩኤስቢ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ባዮሱ ያየዋል። የሌሎቹ ግን በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የተገናኘ ነው። ያኛው የራሱን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያናግር ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ባዮሱም ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ የለውም። ከውጭ አይታችሁ መለየት አትችሉም፤ መሞከር ብቻ ነው።

መፍትሔው የዩኤስቢ ካርድ ሪደር ነው። ካርዱን እሱ ውስጥ ከታችሁ ስትሰኩት ለባዮሱ ተራ ፍላሽ ነው። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ከሚሸጡት ዕቃዎች በጣም ርካሹ ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ሁልጊዜ አንድ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ካርድ ስትመርጡ «ኤ 1» የሚል ምልክት ፈልጉ። ምልክቱ ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 1,500 ጥቃቅን ንባብና 500 ጥቃቅን ጽሑፍ መቻል አለበት ማለት ነው። ለሊኑክስ ከትልልቆቹ የፍጥነት ቁጥሮች ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። ማይክሮ ካርዱ የሚገባበትን ትልቁን አዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ እዩ። ወደ ታች ከወረደች ጽሑፍ አይቀበልም፤ ኪስ ውስጥ ስትገፋ ራሷ ትወርዳለች።

የድሮው ዶንግል

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ካርድ ሪደሬ ከፍላሹ ጋር አብሮ ሄዷል። የልጅቷ ላፕቶፕ የካርድ ቀዳዳ የለውም። ዶንግሉን አነሳሁና ክዳኑን ሳወልቀው፣ ከሲም ካርዱ አጠገብ ጠባብ ክፍተት አየሁ። የማይክሮ ሜሞሪ ቦታ ነው። በ3ጂ ዘመን ከነበሩት ዶንግሎች ብዙዎቹ ይህ ቦታ አላቸው፤ ለዓመታት ሳንጠቀምበት ኖረን ነው።

ካርዱን አስገብቼ ሊኑክስ ከጫንኩበት የራሴ ላፕቶፕ ላይ ሚንትን ጻፍኩበት። ከዚያ የእሷ ላይ ሰክቼ ኤፍ 12 ተጫንኩ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት አዲስ ስም መጣ፤ አንዱ ሲዲ፣ አንዱ ዲስክ። ሲዲው ዶንግሉ የራሱን የመጫኛ ፕሮግራም የሚያቀርብበት የውሸት ሲዲ ነው። የምንፈልገው ዲስኩን ነው። መረጥኩት። የሚንት አርማ መጣ። ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከዚያ ቀጥ አለ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ምንም የለም።

ምክንያቱን ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ዶንግል ሁለት ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሲሰካ ዲስክ ነኝ ይላል። ሊኑክስ ውስጥ ያለች አንዲት ፕሮግራም ዶንግል መሆኑን ስታውቅ «ወደ ሞደም ተቀየር» የሚል ትእዛዝ ትልክለታለች። ያኔ ራሱን ነቅሎ በአዲስ መልክ እንደገና ይሰካል። በተለመደው ጊዜ ጥሩ ነገር ነው፣ ኢንተርኔት የምናገኘው በእሱ ነው። እኛ ግን የተነሳነው ከራሱ ከዶንግሉ ላይ ነው። ሲስተሙ የቆመበትን መሬት ራሱ ነቀለው ማለት ነው።

መውጫው አንድ ቃል ነበረች። የሚንት የራሱ ማስነሻ ዝርዝር ሲመጣ «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ትጫናላችሁ። «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ አካባቢ፣ ሁለቱ ትንንሽ ሰረዞች ካሉበት ፊት፣ «ቱራም» ትጽፋላችሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፣ ኦ፣ አር፣ ኤ፣ ኤም፣ ሳይነጣጠል። ከዚያ ኤፍ 10። ሊኑክሱ ከመነሳቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ዶንግሉ ቢቀየርም፣ ብትነቅሉትም ግድ የለውም። ለሚንት 8 ጊጋ ራም ያስፈልጋችኋል፤ የእሷ ልክ 8 ነበር። መገልበጡ ጥቂት ደቂቃ ወሰደ፤ ከዚያ ዴስክቶፑ መጣ። ጽሑፏን አውጥተን ስልኳ ላይ ስናስቀምጥ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።

እንግዲህ ዶንግል ለዕለት ሥራ አይሆንም። ለአንድ ጊዜ ማዳን ግን ሙሉ ነው።

ባለ ቁልፍ ስልክ

ይሠራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስልኩን በኬብል ስትሰኩት «ማስ ስቶሬጅ» የሚል ምርጫ ከሰጣችሁ ውስጡ ያለውን ካርድ እንደ ዲስክ ያቀርባል ማለት ነው። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግንኙነቱ ይቋረጥና ስልኩ እንደገና ይጠይቃል። ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አድርጋችሁ በትክክለኛው ሰከንድ መጫን አለባችሁ። እኔ በአራተኛው ሙከራ ነው የተሳካልኝ። ሁለተኛ፣ የብዙዎቹ መስመር በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ነው። በተግባር 1 ሜጋባይት ግድም። አንድ ጊጋ ለማንበብ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከባድ ሊኑክስ አትጫኑበት፤ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነው ፓፒ ሊኑክስ ይሻለዋል። ባትሪው መሙላቱንም እዩ።

ዘመናዊው አንድሮይድ ስልክ ግን አይሆንም። ፋይል የሚያቀርበው ኤምቲፒ በሚባል መንገድ ነው፤ ባዮስ ያንን አያውቅም። ሩት የተደረገ (ሙሉ ሥልጣን የተከፈተበት) ስልክ ላይ ድራይቭድሮይድ በሚባል አፕ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ብላችሁ የምትሠሩበትን ስልክ ሩት እንድታደርጉ ግን አልመክርም።

ከላፕቶፕ የወጣ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ

ሊኑክስን ይዞ መዞር ለሚፈልግ፣ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ኮምፒውተር ለሚሠራ፣ ዋናው አማራጭ ይህ ነው። የተሰበረ ላፕቶፕ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የዩኤስቢ ኬዝ ገዝታችሁ ትከቱታላችሁ።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። አምፔሩ ከ0.5 በላይ ከሆነ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይቻለው ይችላል። መዞር ሲጀምር የሚስበው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ምልክቱ ድምፁ ነው፤ «ቀጭ... ቀጭ...» ይልና ይቆማል፤ ደግሞ ይሞክራል። ያኔ ደጋግማችሁ አትሰኩት። ሁለት ራስ ያለው ኬብል ተጠቀሙ ወይም ወደ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ውሰዱት። ባጃጅ ላይ እየሠራ እያለ ይዛችሁት አትሂዱ፤ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ንቅናቄ አይወድም።

ኤስኤስዲ ከሆነ ይህ ሁሉ የለም። የሚዞር ነገር የለውም፣ ጥቃቅን ጽሑፍ አያስቸግረውም። 120 ጊጋ ባለ ሳታ (እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ባለ መሰኪያ የሚሰካው) ኤስኤስዲ ከተራ ፕላስቲክ ኬዝ ጋር፣ እኔ በየቀኑ የምሠራው በእሱ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ቀጭኑ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ግን በጣም ይግላል። ሐረር ያለ ወዳጄ ምንም ችግር አላየበትም። እሱ ያለው ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ 1,200 አካባቢ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ኬዙ ለእጅ አልመች ይልና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ለድሬ ሳታው ይበልጥብኛል። ኤንቪኤምኢ ካላችሁ የአሉሚኒየም ኬዝ ግዙለት።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ። ሚንትን በውጭ ዲስክ ላይ ስትጭኑ፣ ማስነሻ ፋይሉን በውጭኛው ዲስክ ላይ አድርግ ብትሉትም በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጫኙ የውስጠኛው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። በማግሥቱ የውጭውን ነቅላችሁ ላፕቶፑን ስታበሩ ዊንዶውስ ፈንታ ጥቁር ስክሪን ይጠብቃችኋል። ውጭኛውም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ከመጫናችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ከባዮስ ላይ አጥፉት፤ ካልተቻለ ብሎኑን ፈታችሁ አውጡት። አሥር ደቂቃ ነው፤ ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

ዲቪዲና የጥንቶቹ

ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ይይዛል። ሚንት ይገባበታል፣ ኡቡንቱ 24.04 አይገባም። ጥቅሙ ከዩኤስቢ መነሳት የማይችል በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። አቧራ የበላው የዲቪዲ ማንበቢያ ግን ግማሽ ላይ ጥሏችሁ ይቀራል።

በአሮጌ ባዮስ ላይ «ዩኤስቢ ዚፕ»፣ «ዩኤስቢ ኤፍዲዲ»፣ «ዩኤስቢ ኤችዲዲ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ታዩ ይሆናል። ዚፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው 100 ሜጋባይት ዲስክ ነው፤ ኤፍዲዲው ፍሎፒ ነው። ፍላሽም ካርድም ሲሆን ኤችዲዲውን ምረጡ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ባዮስ ያየዋል? | ፍጥነት | ለዕለት ሥራ | ወጪ | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ፍላሽ | አዎ | መካከለኛ | አይሆንም | ዝቅተኛ | የሐሰት መጠን |
| ካርድ በሪደር | አዎ | መካከለኛ | ኤ 1 ከሆነ በመጠኑ | ዝቅተኛ | የሐሰት መጠን፣ መቆለፊያዋ |
| ካርድ በላፕቶፑ ቀዳዳ | እንደ ላፕቶፑ | መካከለኛ | በመጠኑ | ካርድ ካለ ምንም | ላይታይ ይችላል |
| ዶንግል | ብዙ ጊዜ | ዝቅተኛ | አይሆንም | ካለ ምንም | ያለ «ቱራም» ይቆማል |
| ባለ ቁልፍ ስልክ | አንዳንዴ | በጣም ዝቅተኛ | አይሆንም | ካለ ምንም | ሰዓቱን መጠበቅ |
| የወጣ ሃርድ ዲስክ | አዎ | መካከለኛ | ይሆናል | የኬዝ ብቻ | አምፔር፣ ንቅናቄ |
| ሳታ ኤስኤስዲ | አዎ | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ከፍ ያለ | ማስነሻው የት እንደተጻፈ |
| ኤንቪኤምኢ | አዎ | ከሁሉ ከፍተኛ | ጥሩ | ከሁሉ ከፍ ያለ | ሙቀት |
| ዲቪዲ | አዎ | ዝቅተኛ | አይሆንም | ዝቅተኛ | ጭረት፣ አቧራ |

ስትጽፉበት

ዕቃው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ገልብጡ። አዲስ የገዛችሁት ከሆነ መጠኑን ፈትሹ። ሊኑክስ ላይ «ኤፍ 3»፣ ዊንዶውስ ላይ «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ዕቃውን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። 64 ጊጋ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍ መጻፉ ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጃል። ከምሳ በፊት አስጀምሩት።

ለመጻፍ ባሌና ኤቸር ለጀማሪ ቀላሉ ነው። ሩፈስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክ ካላሳያችሁ አትደንግጡ፤ በተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ የዩኤስቢ ሃርድ ድራይቮችን ዘርዝር የሚለውን አብሩ። ብዙ ዓይነት ሊኑክስ በአንድ ዕቃ መያዝ ለሚፈልግ ቬንቶይ አለ፤ አንዴ ከጫናችሁት አይኤስኦ የሚባሉትን የሊኑክስ መጫኛ ፋይሎች ዝም ብላችሁ ትገለብጡበታላችሁ። ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራበት ኮምፒውተር ላይ ግን መጀመሪያ ቁልፉን እንድትመዘግቡለት ይጠይቃል። ተርሚናል የለመዳችሁ ዲዲ የሚባለውን የመጻፊያ ትእዛዝ ታውቁታላችሁ። የዲስኩን ስም ሁለቴ አንብቡ፤ ዲዲ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ለማን የቱ?

ምንም ገንዘብ የሌለውና ዛሬውኑ ፋይል ማውጣት ያለበት ሰው ካርድና ዶንግል ካለው ያንን ይሞክር። ራሙ ከ8 ጊጋ በታች ከሆነ ፓፒን ይጠቀም፤ «ቱራም» መጻፍ አያስፈልገውም፤ ፓፒ በልማዱ ራሱን ራም ላይ ይጭናል። ፋይሉ ያለበት ዲስክ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከተቆለፈ ግን በየትኛውም ዕቃ ብትነሱ ባለ 48 አሃዙ የማስመለሻ ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። እሱን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ትንሽ ገንዘብ ያለው ተማሪ የዩኤስቢ ካርድ ሪደርና አንድ ኤ 1 ካርድ ይግዛ። ካርዱ ለስልክም ይሆናል፣ ሪደሩም ለሁሉም ካርድ።

ሊኑክስን በየቀኑ ሊሠራበት የሚፈልግ፣ ላፕቶፕ የሌለውና የሰው ኮምፒውተር የሚጠቀም፣ ለሳታ ኤስኤስዲና ለኬዙ ያጠራቅም። እስከዚያ የወጣ ሃርድ ዲስክ ካገኘ እሱ ያቆየዋል።

ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ቦርሳው ውስጥ ይኑር፤ ቬንቶይ ያለበት የተፈተሸ ፍላሽ፣ ለአሮጌዎቹ ደግሞ አንድ ዲቪዲ። በ32 ቢት ለሚሠሩት አሮጌ ማሽኖች ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ያዙ፤ ኡቡንቱ ለእነሱ የዴስክቶፕ መጫኛ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፣ ዴቢያንም ከ13 ጀምሮ መጫኛውን ትቶታል።

የጎረቤቴ ልጅ ሐምሌ ላይ ተመርቃለች። ዶንግሉን መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ካርዱ ግን አሁንም ውስጡ ነው፣ ሚንቱም እንደተጻፈበት።